በሣጥኑ ውስጥ ማን አለ?

ማሰብ የሚችል ማሽን ተሠራ የሚለው ወሬ የዘመናችን ብቻ ይመስለን ይሆናል። ወሬው ግን ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። በ1770 እ.ኤ.አ. ቮልፍጋንግ ፎን ኬምፕለን የተባለ የሐንጋሪ ተወላጅ በቪየና ቤተ መንግሥት ለማሪያ ቴሬዛ አንድ ጉድ አቀረበ (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ጉዱ ከእንጨት የተሠራ፣ ጥምጥም ያሰረና ካባ የደረበ የቱርክ ሰው ምስል ነው። ከፊቱ ትልቅ ሣጥን፣ በሣጥኑም ላይ የቼዝ ገበታ አለ። ባለቤቱ የሣጥኑን በሮች በየተራ ይከፍትና በሻማ እያበራ የታጨቁትን ማርሾች ለተመልካች ያሳያል። ከዚያ በሮቹን ዘግቶ፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት በቁልፍ ሞልቶት ገለል ይላል። ቱርኩም በግራ እጁ ጠጠሮቹን እያነሣ ይጫወታል። አብዛኛውን ጊዜም ያሸንፋል።

ያየው ሁሉ «አጃኢብ!» አለ። ቱርኩ አውሮፓን ዞሮ በ1783 ፓሪስ ላይ ከአሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን፣ በ1809 ደግሞ ቪየና ውስጥ ከራሱ ከናፖሊዮን ጋር ገጠመ። ኬምፕለን ከሞተ በኋላ ሜልትሰል የተባለ ጀርመናዊ ገዝቶ በ1826 አሜሪካ አሻገረው።

ምሥጢሩ ቀላል ነበር። በሣጥኑ ውስጥ ሰው ነበረ። አንዱ በር ሲከፈት በተንሸራታች መቀመጫ ወደ ሌላው ጥግ ይሸሻል። በሮቹ ሲዘጉ ሻማ አብርቶ፣ ከበላዩ የሚካሄደውን ጨዋታ ከሥር ሆኖ እየተከታተለ የእንጨቱን ክንድ ያንቀሳቅሳል። የሻማው ጭስ በምስሉ ውስጥ አልፎ ይወጣል። ሽታው እንዳያሳብቅም ከውጭ ሌሎች ሻማዎች ይበሩ ነበር። ከነዚህ ስውር ተጫዋቾች አንዱ የአልዛስ ተወላጁ ሽሉምበርገር ነው። ጭብጨባው ለእንጨቱ፣ ወበቁ ለእርሱ ሆኖ በአሜሪካ ለዓመታት ከተጫወተ በኋላ በ1838 ሃቫና ላይ በቢጫ ወባ ሞተ። ቱርኩም በ1854 ፊላደልፊያ ውስጥ በቃጠሎ ጠፋ።

በዚያችው ፊላደልፊያ በ1996 የቼዙ ጌታ ጋሪ ካስፓሮቭ ዲፕ ብሉ የተባለውን የአይ.ቢ.ኤም. ኮምፒዩተር 4 ለ2 አሸነፈ። በሜይ 1997 ኒውዮርክ ላይ እንደገና ሲገናኙ ግን በ3½ ለ2½ ተረታ። ኮምፒዩተሩ በሴኮንድ እስከ 200 ሚሊዮን የጠጠር አቀማመጥ ይመዝን ነበር። ካስፓሮቭ ከጀርባ የሰው እጅ ሳይኖርበት አይቀርም ብሎ ጠረጠረና የኮምፒዩተሩ የሥራ መዝገብ እንዲታይ ጠየቀ። የቱርኩ ጥላ ገና አልለቀቀንም ነበር ማለት ነው። ይሁንና በዚህኛው ሣጥን ውስጥ የተደበቀ ተጫዋች አልነበረም።

ያን ጊዜ ብዙ ሰው «ቼዝ እኮ ስሌት ነው፣ ሰውን ሰው የሚያሰኘው ሌላ ነው» ብሎ ተጽናና። ጎ የተባለው የሩቅ ምሥራቅ ጨዋታ ለኮምፒዩተር አይደፈርም ተባለ። በ2016 ሴኡል ላይ አልፋጎ የተባለው ፕሮግራም ሊ ሴዶልን 4 ለ1 ረታው። ቋንቋስ? ቢባል፣ ኖቬምበር 30 ቀን 2022 ቻት ጂፒቲ ወጣና ግጥም ቢሉት ግጥም፣ ማመልከቻ ቢሉት ማመልከቻ ይጽፍ ጀመር። እኔ እንደሚመስለኝ የሰውን ልዩነት በችሎታው የሚያጥር ሁሉ አጥሩን እየነቀለ ወደ ኋላ ሲተክል ይኖራል። መለያችንን ሌላ ቦታ መፈለግ ይበጃል።

ለዚህም ወደ ሣጥኑ እንመለስ። በ2005 አማዞን የተባለው ኩባንያ ኮምፒዩተር የሚያቅተውን ጥቃቅን ሥራ በኢንተርኔት ለሰዎች የሚያከፋፍል ገበያ ከፈተ። ስሙን «ሜካኒካል ተርክ» አለው፤ ያው መካኒካዊው ቱርክ ማለት ነው። ማሽኖች ፎቶግራፍ መለየት የተማሩበት ኢሜጅኔት የተባለው ስብስብ ከ14 ሚሊዮን በላይ ሥዕሎች አሉት። ይህ ውሻ ነው፣ ያ ጽዋ ነው እያሉ ስም የሰጧቸው በዚሁ ገበያ የተገኙ፣ ከ167 አገሮች የተውጣጡ 49,000 ያህል ሰዎች ናቸው።

የቻት ጂፒቲም ነገር ከዚህ አይርቅም። ታይም መጽሔት በጃንዋሪ 2023 እንዳጋለጠው፣ ፕሮግራሙ ጸያፍና አሰቃቂ ነገር እንዳይናገር ለማስተማር፣ ሳማ በተባለ ድርጅት የተቀጠሩ የናይሮቢ ሠራተኞች ግድያን፣ ስቃይንና በሕፃናት ላይ የሚፈጸም የወሲብ ጥቃትን የሚተርኩ ጽሑፎች ሲያነቡና ሲለዩ ከርመዋል። እጃቸው ላይ የደረሰው በሰዓት ከ1.32 እስከ 2 ዶላር ነው። ውሉ ግን ለሳማ በሰዓት 12.50 ዶላር የሚከፈልበት ነበር። ሳማ የምክር አገልግሎት ሰጥቻለሁ ብሏል። ሠራተኞቹ ደግሞ ያነበቡት ከአእምሯቸው አልወጣ እንዳላቸው ተናግረው፣ በጁላይ 2023 አቤቱታቸውን ለኬንያ ፓርላማ አቀረቡ። በዚያው ከተማ ለፌስቡክ የአማርኛና የትግርኛ ልጥፎችን ሲያጣሩ የነበሩ የእኛው ልጆችም ነበሩ።

እንግዲህ አንባቢዬ ልብ ይበል። ያን ጽሑፍ ሁለት አንባቢዎች አንብበውታል፣ ሰውና ማሽን። ማሽኑ የሚፈለግበትን ተማረና አለፈ። ሰውየው ቤቱ ገብቶ እንቅልፍ አጣ። እኔ የሰውን ልዩነት የማየው እዚህ ላይ ነው። ውሻም ሲመቱት ያመዋል ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ዳሩ ግን በማያውቀው አገር፣ በማያውቀው ሕፃን ላይ የደረሰውን በፊደል ብቻ አንብቦ የሚታመም ፍጥረት ከሰው በቀር አላውቅም። የሌላው ቁስል በቃል ተሻግሮ ያቆስለናል። ሕግ ማውጣታችን፣ ለቅሶ መድረሳችን፣ አቤት ማለታችን ከዚሁ የሚመነጭ ይመስለኛል።

ይህ ግን መኩሪያ ብቻ አይደለም። የሚታመም ሰው ደመወዙም፣ ዕረፍቱም፣ ሕክምናውም ይታሰብለታል። ማሽኑ አሰበ አላሰበ እያልን ስንከራከር፣ በእርግጥ የሚያስበውና የሚያመው ሰው ከሥር ተቀምጦ እንረሳዋለን። የቪየና ታዳሚዎች በሮቹ ሲከፈቱ ማርሹን አይተው ረክተው ሄዱ። ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ቢጠይቁ ኖሮ ሽሉምበርገርና ባልደረቦቹ ቢያንስ ስማቸው በጊዜው ይጠራ ነበር። የናይሮቢዎቹ ግን በሩን ከውስጥ ከፍተው ራሳቸው ወጥተዋል። ቀሪው ሥራ እነርሱን ማድመጥ ነው።