ክሩን በመዶሻ የመታው ሰው

ፒያኖ። ሠሪው ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ፤ ፍሎረንስ፣ ጣሊያን፣ 1720 እ.ኤ.አ.። ሳይፕረስ (ከፈረንጅ ጥድ ቤተሰብ) እና ሌሎች እንጨቶች። ሜትሮፖሊታን ሙዚየም፣ ኒውዮርክ።

በ1655 በፓዱዋ የተወለደው ክሪስቶፎሪ በ1688 ፍሎረንስ ገብቶ የልዑል ፈርዲናንዶ ዴ ሜዲቺ ሃርፕሲኮርዶች ሠሪና ጠጋኝ ሆነ።

ሃርፕሲኮርድ ቁልፉ ሲነካ ክሩን በላባ ስንጥር ይገርፋል፤ ልክ ክራር እንደሚገረፍ። የክራሩ ተጫዋች ግን እጁን ማበርታትም ማለዘብም ይችላል። በሃርፕሲኮርዱ ጣት ቢበረታም ቢለዝብም የድምፁ ጉልበት ያው ነው። ክሪስቶፎሪ ላባውን በመዶሻ ተካው። ትንሿ መዶሻ ክሩን መትታ ወዲያው ትመለሳለች፤ እዚያው ብትቀር ድምፁ ይታፈን ነበር። የጥበቡ ትልቁ ክፍል ይህ መመለስ ነው።

ዛሬ በጊምቢቹም ሆነ በሆሳዕና ከተማ ዝማሬ የሚያጅበው ኪቦርድ፣ ቁልፉ ጠበቅ ሲደረግ ድምፁ የሚጎላ ዓይነት ከሆነ፣ የዚሁ ሐሳብ ዘር ነው።

ከክሪስቶፎሪ ፒያኖዎች የተረፉት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ቀዳሚው ይህ የ1720ው ነው። ቁልፎቹ 54 ናቸው፤ የዛሬው ፒያኖ 88 አለው። የድምፅ ሳንቃው በ1938 ተተክቷል።

ከቁልፎቹ በላይ ያለውን የላቲን ጽሑፍ ይመልከቱ፤ ሠሪው ስሙን፣ ከተማውንና ዓመቱን አስፍሮ ራሱን «ፈልሳፊ» ብሎ ጠርቷል።