ፕራየር፦ ማስረጃ ሳይመጣ የሚያዝ ቅድመ ግምት

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በተወነጨፈች በ73ኛው ሰከንድ አየር ላይ ስትበታተን ሰባቱም ተጓዦቿ አለቁ። ከመርማሪዎቹ አንዱ፣ የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን፣ የአደጋው ዕድል ስንት ነው ብሎ ሲጠይቅ መሐንዲሶቹ ከ100 በረራ አንድ ገደማ፣ የናሳ አስተዳደር ደግሞ ከ100,000 አንድ እንደሚሉ ተረዳ። የኋለኛው፣ በየቀኑ አንድ መንኮራኩር ቢመጥቅ በ270 ዓመት አንድ አደጋ ቢደርስ ነው እንደማለት ነው። የሁለቱም መዝገብ ግን አንድ ነበር፦ 24 በረራ፣ ዜሮ አደጋ። ልዩነቱን ያመጣው ከመዝገቡ በፊት የያዙት እምነት ነው። የስታትስቲክስ ባለሙያዎች ፕራየር ይሉታል፤ በአማርኛ ቅድመ ግምት ብንለው ይስማማል። ከምህንድስና ዕውቀት፣ ከመሰል መሣሪያዎች ታሪክና ከባለሙያ ፍርድ ተነስቶ የሚያዝ፣ ማስረጃ በመጣ ቁጥር የሚታረም ግምት ነው።

አስተራረሙ ከባድ አይደለም። የመሐንዲሶቹን ግምት በ100 በረራ አንድ አደጋ እንደተመዘገበ ቆጥረን የታየውን እንደምርበት። ከ24ቱ ሰላማዊ በረራዎች በኋላ ከ124 አንድ ይሆናል፤ ቻሌንጀር ስትጠፋ ከ125 ሁለት፣ ማለትም 1.6 በመቶ። የአስተዳደሩን ግምት እንዲሁ ብናሰላው ከአደጋው በኋላ እንኳ ከ50,000 አንድ ገደማ ላይ ይቆያል። የመንኮራኩሮቹ በረራ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲያበቃ ከ135 ጉዞ ሁለት መንኮራኩሮች ጠፍተዋል፤ ወደ 1.5 በመቶ ነው። በጥቂት መረጃ ሲሠሩ የሚያስፈራው ማስረጃ የማይነቀንቀው ቅድመ ግምት ነው።

በቅድመ ግምት መሥራት የግል አስተያየትን ቁጥር ማልበስ ነው የሚሉ አሉ፤ ተቃውሟቸው ክብደት አለው፤ መረጃ ሲያንስ ውጤቱን የሚወስነው ቅድመ ግምቱ ነውና። ዳሩ ግን የቆጠርነውን ብቻ እናምናለን ማለትም ሩቅ አያስኬድም፤ 24 ሰላማዊ በረራ ብቻውን፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት፣ የአደጋው ዕድል ከ12 በመቶ አይበልጥም ከማለት አያልፍም። በዚህ የሚሳፈር የለም። ስለዚህ ግምቱ ከነምክንያቱ ተጽፎ ይውጣ፤ ስሌቱም በላላና በጠበቀ ግምት ተደጋግሞ ውሳኔውን ይለውጥ እንደሆነ ይታይ።

ከሁሉ በላይ ግን አደጋ ስላልሆነ ብቻ ሳይቆጠር የሚቀር ማስረጃ አለ። ለቻሌንጀር መጥፋት ምክንያት የሆኑት የሮኬቱ መገጣጠሚያ የጎማ ቀለበቶች በቀደሙት በረራዎችም በትኩስ ጋዝ ተበልተው ተገኝተው ነበር። በአንዱ ላይ መበላቱ የቀለበቱን ራዲየስ ሲሶ በመድረሱ፣ ሦስት እጥፍ የደኅንነት ኅዳግ አለን ተባለ። ቀለበቱ የተነደፈው ግን ጨርሶ እንዳይበላ ነበር፤ ሲሶው ተበልቶ መገኘቱ፣ በረራው በሰላም ቢያልቅም፣ ግምቱን ወደ ላይ መግፋት ነበረበት።