ዜና ባስተር ኪተን፤ «ጄኔራል» የተባለው ፊልም እንደ ተሠራ

ፊልም ገና ድምፅ ባልነበረው ዘመን፣ በአሜሪካ ባስተር ኪተን የሚባል የቀልድ ተዋናይ ነበረ። ሕዝብ ሲስቅ እርሱ ከቶ አይስቅምና ባለ ድንጋይ ፊት አሉት።

በ1918 ዓ.ም. ወዳጁ ክላይድ ብሩክማን የዊልያም ፒተንገርን መጽሐፍ አመጣለት። መጽሐፉም በ1854 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ እርስ በርስ ሲዋጉ፣ የሰሜን ሰዎች ተሸሽገው ጆርጂያ ገብተው «ጄኔራል» የተባለውን ባቡር እንደ ሰረቁ ይናገራል። ኪተንም ታሪኩን ገልብጦ ጀግናውን የደቡብ ባቡር ነጂ አደረገው። ባርነትን ሊያቆይ የተዋጋውን ወገን ተወዳጅ ማድረጉ ግን የፊልሙ ጉድለት ነው፤ ሥራው ስላማረ ይህ ሊሸሸግ አይገባም።

ኪተን ዋናውን ባቡር ፈልጎ ነበር፤ ባለቤቶቹ ግን ፊልሙ ቀልድ መሆኑን ሰምተው ከለከሉት። ስለዚህ የጥንቱ ዓይነት ሐዲድ ወዳለበት ወደ ኦሪገን ሄዶ በኮተጅ ግሮቭ ከተማ ሰፈረ። ከኦሪገን ብሔራዊ ዘብ 500 ያህል ወታደሮች መጡለት፤ እነዚያኑ ሰዎች ሰማያዊ አልብሶ ወዲህ፣ ግራጫ አልብሶ ወዲያ እያስኬደ ሁለት ጦር አደረጋቸው። ከባቡሮቹ የሚበረው ፍንጣሪ ዱሩን ባቃጠለ ጊዜም ወታደርና ሠራተኛ ባንድነት እሳቱን ሲያጠፉ ዋሉ።

አደጋውን ሁሉ ኪተን በገዛ አካሉ ተቀበለ። በአንዱ ትዕይንት አዝኖ፣ የባቡሩን መንኰራኵሮች በሚያያይዘው ረጅም ብረት ላይ ይቀመጣል፤ ባቡሩም ሲነሣ ብረቱ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ እርሱ ግን በሐሳብ ተይዞ አያስተውልም። ነጂው እንፋሎቱን ጥቂት አብዝቶ ቢለቀው መንኰራኵሩ በድንገት ተሽከርክሮ ሊገድለው ይችል ነበር። ሰው የሚስቅበት ይህ ጸጥተኛ ትዕይንት፣ በእኔ ፍርድ፣ ከጦርነቱ ሁሉ ይበልጣል።

ሐምሌ 16 ቀን 1918 ዓ.ም.፣ ዓርብ ዕለት፣ የከተማው ሰው ሥራ ፈትቶ በራው ወንዝ ዳር ተሰበሰበ፤ በሺህ የሚቆጠር ነበር። ለፊልሙ በወንዙ ላይ የነበረው ድልድይ እንዲሰበር ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበርና ባቡሩ መካከሉ ሲደርስ ተሰብሮ ከነባቡሩ ወንዝ ገባ። በነጂው ቦታ የተቀመጠውን አሻንጉሊት እውነተኛ ሰው የመሰላቸው ጮኹ ይባላል። በትንሽ አምሳያ መሥራት ይቻል ነበር፤ ኪተን ግን እውነተኛ ባቡር ካልወደቀ ተመልካች አያምንም ብሎ አልተቀበለም። ለዚያች አንዲት ቅጽበት 42,000 ዶላር ወጣ፤ በድምፅ አልባው ዘመን እንደዚያ የተከፈለበት ትዕይንት የለም ይባላል። የባቡሩም ብረት እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በወንዙ ውስጥ ቀረ፤ ያን ጊዜ ለብረት ተፈልጎ ወጣ።

በጥር 1919 ዓ.ም. መጨረሻ ፊልሙ በኒው ዮርክ ታየ። 750,000 ዶላር ያህል ፈጅቶ ሳለ ከአገር ውስጥ የገባው 474,000 ያህል ብቻ ነበር፤ የጋዜጣ ሰዎችም ነቀፉት። ጥቂት ቆይቶ ኪተን ኤም ጂ ኤም ከተባለው ትልቅ ኩባንያ ገባ፤ እንደ ወደደ መሥራትም ቀረበት። እርሱ ግን ከሥራዎቹ ሁሉ በዚህ ፊልም እንደሚኮራ ይናገር ነበር። በመስከረም 1982 ዓ.ም.፣ ከሞተ ከ23 ዓመት በኋላ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት እንዲጠበቁ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 25 ፊልሞች አንዱ «ጄኔራል» ሆነ።