ስለ ባዶ መንበርና ስለ ትዕግሥት

የክርስቲያን ሰው ትዕግሥቱ የሚታወቀው እጁ በሞላ ጊዜ አይደለም፤ የለመነው ነገር በዘገየበትና ቤቱ ባዶ በሆነበት ጊዜ ነው እንጂ። ይህም በአንድ ሰው ነፍስ ብቻ ሳይሆን በመላው ቤተ ክርስቲያን ላይ ደርሶ ታይቷል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መንበሯ ባዶ ሆኖ ብዙ ጊዜ ጳጳስ ጠብቃለችና፥ ይህን ታሪክ ማወቅ ለካህናትም ለምእመናንም ይጠቅማል።

በ4ኛው ምዕት ዓመት ቅዱስ አትናቴዎስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ከሾመ ወዲህ ጳጳስ የሚመጣው ከእስክንድርያ ነበረ። በፍትሐ ነገሥትም ኢትዮጵያውያን ከገዛ ሊቃውንቶቻቸው ጳጳስ እንዳይሾሙ የሚከለክል ቃል ተጽፏል። ስለዚህ ጳጳሱ ባረፈ ቁጥር መልእክተኞች ረጅሙን መንገድ ወደ ግብጽ ይሄዱ ነበረ፤ የግብጽ ሱልጣን ካልፈቀደም ልመናቸው በከንቱ ይቀር ነበረ። አጼ ይኩኖ አምላክ በ1266 ዓ.ም. ግድም ወደ ሱልጣን ቤይባርስ ጽፈው ጳጳስ ቢለምኑ አልተላከላቸውም።

ጳጳስ ከሌለ ዲያቆን አይሾምም፥ ቅስና አይሰጥም፥ ታቦት አይባረክም። ቅዳሴ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ይሻልና፥ ሽማግሌው ቄስ ሲያርፍ ተተኪ የሌለው ደብር ለመዘጋት ይቀርብ ነበረ። በአጼ ልብነ ድንግል ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊው ካህን አልቫሬዝ፥ አስቀድሞ አገሩ 23 ዓመት ያህል ያለ ጳጳስ እንደ ቆየ ጽፏል። በዚያ ጊዜ በአጼ በእደ ማርያም ዘመን፥ ከእስክንድርያ ጳጳስ መጠበቅ ይብቃ የሚሉ ሰዎች ተነሥተው በጉባኤ ክርክር ሆነ፤ ነገር ግን ከመንበረ ማርቆስ ጋራ ያለው አንድነት አልተቋረጠም። ኋላም በአጼ እስክንድር ዘመን አቡነ ይስሐቅና አቡነ ማርቆስ መጡ። አልቫሬዝ ሽማግሌውን አቡነ ማርቆስን በአንድ ቀን ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ሲሾሙ አይቷል።

በዘመነ መሳፍንትም አቡነ ሰላማ በ1834 ዓ.ም. እስኪመጡ ድረስ መንበሩ አሥር ዓመት ያህል ባዶ ነበረ። አቡነ ማቴዎስ በ1919 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም እስከ 1921 ዓ.ም. ተጠበቀ። በዚያው ዓመት አቡነ ቄርሎስ ሲሾሙ አራት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት በካይሮ ተቀቡ፤ ከእነርሱም አንዱ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በጣልያን እጅ በሰማዕትነት ያረፉት አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። ከዚህም በኋላ አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ፥ በ1951 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሆኑ።

ይህ ሁሉ መጠበቅ ያለ ጉዳት አልነበረም፤ ሳይሾም ያረጀ ተማሪ፥ ሳይቀደስበት የቀረ በዓል ብዙ ነው። ሆኖም መጠበቅ መተኛት አይደለም። የዜማና የቅኔ፥ የመጻሕፍትም ትምህርት ጳጳስ አይሻምና፥ መምህሩ ሿሚ በሌለበት ዘመን ሕፃኑን ዳዊት ያስደግመው ነበረ፤ ጳጳሱ በመጣ ጊዜም የሚሾም ሰው ተዘጋጅቶ ተገኘ። ልባሞቹ ደናግል ዘይታቸውን የያዙት ሙሽራው ሳይታይ ነበረ።

እንግዲህ ጸሎቱ የዘገየበት ምእመን ባዶውን ስፍራ በችኰላ በማይገባ ነገር አይሙላው፤ ጠርጎ፥ መብራቱን አብርቶ ይጠብቅ። ባለቤቱ የሚገባው በተጠረገው ቤት ነውና።