ደምበል ሲቲ ሴንተር፦ የሐይቃችን ስም ያለው የቦሌ ሞል

«ደምበል ጋር ጠብቂኝ።» አዲስ አበባ ዘመድ ያለው የአሰላ ልጅ ይህችን ነገር ሳይሰማ አይቀርም። ግን ደምበል ምንድነው? ዛሬ እሱን እንንገራችሁ ቤተሰብ፤ ከአርሲ ጋር የሚያገናኘው ነገርም አለ።

ደምበል ሲቲ ሴንተር ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ አየር ማረፊያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ኦሎምፒያ ሳይደርሱ የሚገኝ ባለ 12 ፎቅ ሕንጻ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ነው የተከፈተው። ያሠሩት ባለሀብቱ አቶ የምሩ ነጋ ናቸው። ታች ሱቆች፣ ካፌዎችና ባንክ፣ ከላይ ቢሮዎች። በአገራችን ከመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ የገበያ ማዕከሎች አንዱ ነው። ከዚያ በፊት ልብስ ፍለጋ መርካቶ ወይ ፒያሳ ነበር የሚኬደው፤ ዝናብ ከመጣ የሱቅ በረንዳ ሥር መቆም ነው።

አሁን ወደ ስሙ። ደምበል የዝዋይ ሐይቅ ሌላ ስሙ ነው። ምሥራቃዊ ዳርቻው የአርሲዋ ዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,636 ሜትር ላይ ሲሆን፣ አሰላ ደግሞ 2,400 ሜትርን ታልፋለች። ከአርሲ ተራሮች የሚነሳው የቀጠር ወንዝ ወርዶ ወርዶ የሚገባው እዚያው ነው። ማለትም ጭላሎ ላይ የዘነበው ዝናብ የተወሰነው ደምበል ይገባል፤ ሐይቁን ማለታችን ነው እንጂ ሞሉን አይደለም።

በዚሁ መንገድ ላይ የእኛው ሰዎች አሻራም አለ። በ1996 አትላንታ፣ በ2000 ሲድኒ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያመጣው የአሰላው ኃይሌ ገብረሥላሴ በባለቤቱ በአለም ስም የተሰየመውን የአለም ሕንጻ ከነሲኒማው ያቆመው ቦሌ መንገድ ላይ ነው። የበቆጂው ቀነኒሳ በቀለ ሆቴልም እዚያው መንገድ ላይ ነው። ከደጋው ሮጠው የወጡ ልጆች ገንዘባቸውን አስፋልቱ ዳር ተክለውታል። አንፈርድባቸውም፤ ተከራዩም ገበያተኛውም ያለው እዚያ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር እንጨምር። ውጭ አገር ሞል ሲባል አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ወይም ስመ ጥር ብራንድ ይገባና ሌላው ሱቅ በእሱ ዙሪያ ይሰበሰባል። የእኛ ሞል ግን ባብዛኛው የትንንሽ ተከራይ ነጋዴዎች ስብስብ ነው፤ ሦስት ሱቅ ገብታችሁ ያንኑ ጫማ ብታዩ አይግረማችሁ። አንዱ ምክንያት ሕጉ ነው፦ የችርቻሮ ንግድ ለረጅም ዓመታት ለአገር ውስጥ ባለሀብት ብቻ የተተወ ነበር። ለውጭ ባለሀብቶች የተከፈተው በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣ መመሪያ ነው፤ እሱም ከነቅድመ ሁኔታው።

ሰው ሞል የሚሄደው ግን ለመግዛት ብቻ አይደለም እኮ። ከደምበል በኋላ የመጣውና ቦሌ መድኃኔዓለም ፊት ለፊት የተሠራው ኤድና ሞል ስም ያወጣው በሱቆቹ አልነበረም፤ በማቲ ሲኒማና በልጆች መጫወቻው ነው። ሰው ፊልም ሊያይ ገብቶ በዚያው ቡና ይጠጣል፣ ዞር ዞር ይላል።

ለዚህ ነው «አሰላስ መቼ ነው ሞል የሚኖራት?» ለሚለው ጥያቄ የኛ መልስ ትንሽ የሚለየው። መስታወት የለበሰ ሕንጻና ሱቅ ማብዛት ቀላሉ ነው። የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሥራ የሚፈልግ ወጣት፣ ልጅ የያዘች እናት ሐምሌ ላይ ዝናቡና ብርዱ ሲከፋ ሳይገዙ የሚቀመጡበት ጣሪያ ያለው ቦታ ግን ሌላ ነገር ነው። አሁን ያለው ምርጫ ካፌ ገብቶ አንድ ማኪያቶ ለሁለት ሰዓት ማቆየት ነው፤ አስተናጋጁ ሦስቴ ሲመጣ ደግሞ መነሳት።

ደምበልን ማየት ለምትፈልጉ፦ ከመስቀል አደባባይ የቦሌ ታክሲ ያዙና «ደምበል ወራጅ!» በሉ። ረዳቱ ሐይቁን ነው ሞሉን ብሎ አይጠይቃችሁም።