አራተኛው ቦይ

የላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ ሦስት ሥሮች አሉት፤ በእያንዳንዱም ነርቭና የደም ሥር የሚያልፍበት አንድ ቀጭን ቦይ ብቻ እንዳለ ታስቦ ለረጅም ዘመን ሲታከም ኖሯል። ብዙውን ጊዜ ግን ቦዮቹ አራት ናቸው። አራተኛው በጉንጭ በኩል ባለው የፊተኛው ሥር ውስጥ ከሌላው ጎን ተሸሽጎ ይገኛል፤ ሳይጸዳ ከቀረ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል።

ሕክምናው ሲጀመር መሣሪያው ራሱ ብርቅ ነበር። በጠመንጃ ፈጠራውም የሚታወቀው አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ኤድዋርድ ሜይናርድ እ.ኤ.አ. በ1838 የሰዓት ሞላ ሞርዶ የቦይ መጥረጊያ አበጀ። በ1867 ደግሞ ቦውማን የተባለ ሐኪም የጸዳውን ቦይ ጉታ ፐርቻ በሚባል የእስያ ዛፍ ሙጫ ሞላው፤ ዛሬም በብዛት የሚሞላው በዚሁ ነው። ሥራው ግን የዳበሳ ነበር። ራጅ በ1895 ከተገኘ በኋላ የኒው ኦርሊንሱ ኤድመንድ ኬልስ የቦይ ርዝመት ለመለካት ተጠቀመበት፤ ጨረሩ በኋላ እጁን አሳጥቶታል።

የቦዩን እውነተኛ መልክ የገለጠው የዙሪኩ ቫልተር ሄስ ነው። የተነቀሉ ጥርሶችን ቦይ በጎማ ሞልቶ ጎማውን በሙቀት ካጠነከረ በኋላ የጥርሱን አካል በአሲድ ያሟሟ ነበር። የሚተርፈው የባዶው ቦታ ቅርጽ ነው፦ የሚከፈል፣ መልሶ የሚገናኝ፣ እንደ ዛፍ ሥር የሚበታተን። ሥራው በ1917 በጀርመንኛ፣ በ1925 በእንግሊዝኛ ታተመ። በሕያው አፍ ውስጥ ግን ሐኪሙ የሚያየው ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ስለነበር እውቀቱ ከመጽሐፍ ወደ ሕክምና ወንበሩ ለመድረስ አሥርት ዓመታት ፈጀ። አራተኛው ቦይ ዳግም ትኩረት ያገኘው በ1969 ዋይን እና ባልደረቦቹ 208 ጥርሶችን መርምረው ግማሽ ያህሉ በዚያው በጉንጭ በኩል ባለው የፊተኛው ሥር ሁለት ቦይ እንዳላቸው ሲያሳዩ ነው።

ሌሎች እንግዳ ቅርጾችም በየተራ ተመዘገቡ። አርተር ኪዝ በ1913 የኒያንደርታል ሰዎችን መንጋጋ ሲገልጽ አካሉ ረጅም፣ ሥሩ አጭር የሆነውን ጥርስ ከበሬ ጥርስ ጋር አመሳስሎ ሰየመው። በ1957 ኦለርስ ሽፋኑ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ጥርስ በሦስት ዓይነት ከፈለው። በ1979 ኩክ እና ኮክስ ሥሮቹ ተጣብቀው ቦዩ እንደ ግማሽ ጨረቃ የዞረበትን የታችኛው ሁለተኛ መንጋጋ ጥርስ ገለጹ፤ ይህ በምሥራቅ እስያ ሕዝቦች ዘንድ በብዛት ይታያል።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ የቀዶ ሕክምና ማይክሮስኮፕ የጥርሱን ወለል አብርቶ አጎላው፤ በአሥርት ዓመቱ መጨረሻም ጥርሱ ሳይከፈት በሦስት ገጽታ የሚያሳይ ራጅ መጣ። ይህኛው ከተራው ራጅ የበለጠ ጨረር ስላለው የሚታዘዘው አወቃቀሩ ላጠራጠረ ጥርስ ነው።