ጠጣር አሲድ፦ ከፈሳሹ አደጋ የሚገላግል ዱቄት?

ቤንዚንን ጨምሮ በርካታ የኬሚካል ውጤቶች ሲመረቱ አሲድ ያስፈልጋል። አሲዱ ኬሚካላዊ ለውጡን ያፋጥናል እንጂ ራሱ በሂደቱ አያልቅም። እንዲህ ያለው አፋጣኝ ካታሊስት ይባላል።

ይሁን እንጂ ፈሳሽ አሲድ ቧንቧና ማሽን ይበላል፤ ከምርቱ ለመለየትም ያስቸግራል። ካመለጠ ደግሞ ለሕይወት አስጊ ነው። በአውሮፓውያኑ 2019 በአሜሪካ ፊላደልፊያ በሚገኝ የነዳጅ ማጣሪያ በደረሰ ቃጠሎና ፍንዳታ ከ2 ቶን በላይ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አምልጧል።

አንዱ መፍትሔ የአሲዱን ኃይል በጠጣር ቁስ ላይ ማሰር ነው። ጠጣር ካታሊስት ከፈሳሽ ምርት በማጣራት ይለያል፤ ተመልሶም ጥቅም ላይ ይውላል። ዚዮላይት የተባሉ ማዕድናት ከ1960ዎቹ ጀምሮ በነዳጅ ማጣሪያዎች ይህንኑ ሥራ ሲሠሩ ቆይተዋል። ሆኖም ቀዳዳዎቻቸው ጠባብ በመሆናቸው ግዙፍ ሞለኪውሎችን አያስገቡም።

ሞፍ ምንድን ነው?

ሜታል-ኦርጋኒክ ፍሬምወርክ፣ በአጭሩ ሞፍ፣ የብረት አቶሞችና ካርቦን አዘል ሞለኪውሎች ተያይዘው የሚሠሩት ቀዳዳማ ቁስ ነው። ብረቱ እንደ ማዕዘን፣ ሞለኪውሉ እንደ ማገር ያገለግላል። ማገሩን በመለዋወጥ የቀዳዳውን ስፋት መወሰን ይቻላል። ለዚህ ግኝት ሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ሪቻርድ ሮብሰንና በዮርዳኖስ የተወለዱት ኦማር ያጊ የ2025 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

እንዴት አሲድ ይሆናል?

ሞፍ-808 የተባለው ዓይነት የሚዘጋጀው የዚርኮኒየም ጨውና ባለ ሦስት ክንድ ኦርጋኒክ አሲድ በፎርሚክ አሲድ በታገዘ ፈሳሽ ውስጥ አብረው ሲሞቁ ነው። ከዚያ የሚገኘው ነጭ ዱቄት ታጥቦ በተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ይዘፈዘፋል። በዚህ ጊዜ በዚርኮኒየሙ ላይ የነበረው ፎርሜት ለቆ ሰልፌት ይተካዋል።

የያጊ ቡድን በ2014 ባወጣው ጥናት በዚህ መንገድ የተዘጋጀው ዱቄት ከንጹሕ ሰልፈሪክ አሲድ የበረታ አሲድነት እንዳለው አሳይቷል።

የኃይሉ ምንጭ የታወቀው በ2019 ሲሆን፣ እሱም ውሃ ነው። ከዚርኮኒየሙ ጋር የተጣበቀና አጠገቡ ያለው ሰልፌት የያዘው የውሃ ሞለኪውል ፕሮቶኑን በቀላሉ ይሰጣል፤ አሲድነት ማለትም ፕሮቶን መስጠት ነው። ዱቄቱ አይሶቢዩቲን የተባለውን ጋዝ ጥንድ ጥንድ አድርጎ በማጣመር ለቤንዚን ግብዓት የሚሆን ውህድ ይፈጥራል። ውሃው ሙልጭ ብሎ ከደረቀ ግን አቅሙ ክፉኛ ይዳከማል።

ምን ይቀረዋል?

ፈተናውም እዚሁ ላይ ነው። ፋብሪካዎች ሙቀት ይጠቀማሉ፤ ሙቀት ደግሞ ውሃውን ያባርራል። ሞፍ እንደ ዚዮላይት ብርቱ ሙቀት አይችልም፤ ለማዘጋጀትም ውድ ነው። ሰልፌቱ በሂደት ታጥቦ ከወጣ ደግሞ ዱቄቱ አሲድነቱን ያጣል። ስለዚህ የሞፍ ተስፋ ይበልጥ የሚታየው ሙቀታቸው መጠነኛ በሆነና ዚዮላይት የማያስገባቸው ግዙፍ ሞለኪውሎች በሚሳተፉባቸው ሥራዎች ላይ ነው።